ሂሉክሴን ስንት ጣት ከፍ ላድርጋት?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ከአባቴ የተረከብኳት የ2000 ሞዴል ቶዮታ ሂሉክስ ደብል ጋቢና አለችኝ፤ ባለ 5ኤል ናፍጣ ሞተር፣ ፎር ዊል። በመኸር ከአጋሮና ከጌራ ቡና አመላልስባታለሁ፣ በክረምት ደግሞ ለሥራ ወደ ዴዶ እወጣለሁ። ፊቷ ወርዷል፣ ጭቃ ላይ ሆዷ ይመታል። አንድ መካኒክ ‹ቶርሽኑን አጥብቄ በግማሽ ሰዓት 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደርግልሃለሁ› አለኝ። ሌላው ቶርኖ ቤት ስፔሰር (ከፍ ለማድረግ መሐል የሚገባ ቁራጭ ብረት) እናስቆርጥ ይላል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ለቪጎ የተሠራ የማሳደጊያ ዕቃ በቅናሽ አግኝቷል፤ ጎማውንም ወደ 235/85 ቀይር ይለኛል። ብሬ ለሁሉም አይበቃም። የትኛውን ልግዛ? የትኛውንስ ላስቀድም? — ከሂርማታ»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ለአጎትህ ልጅ ደውልለት፤ ብሩ ሳይከፈል። ለቪጎ የተሠራው ዕቃ ለአንተ መኪና አይሆንም። ቪጎ የምንላት ከ2005 ወዲህ የመጣችው ሂሉክስ ፊቷ ላይ ሞላ (ጥምዝምዝ ስፕሪንግ) አላት፤ ሾኩ፣ ማለትም ንረቱን የሚያበርደው፣ በሞላው መሐል ያልፋል፣ ስፔሰሩም የሚገባው ከሞላው አናት ላይ ነው። ያንተዋ ሞላ የሚባል ነገር የላትም። የሚገባበት ቦታ የሌለው ዕቃ በነፃ ቢሰጡህም ኪሳራ ነው፣ የማጓጓዣው ይቆጠራላ።

መካኒክህ «ቶርሽን» ካለ ቶርሽን ባር አይቶ ይሆናል፤ ቢሆንም አንተም በዓይንህ እይ። የዚያ ዘመን ፎር ዊል ሂሉክስ እንደ ገበያው በሁለት ዓይነት የፊት እግር ትሠራ ነበር። ደረቅ ቀን ጠብቅና ካርቶን አንጥፈህ ከፊት ጎማው ኋላ ከሥሯ ግባ። ከጎማው አካባቢ ተነሥቶ በሻንሲው ጎን ወደ ጋቢናው ሥር የሚሄድ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ረጅም ክብ ዘንግ ካየህ ቶርሽን ባር ነው። ተደራራቢ ቅጠል ብረት ካየህ ደግሞ ባሌስትራ ነው፤ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው አይመለከትህም።

ባሌስትራ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ቀላል ነው። የደከመውን ባሌስትራ አስፈትተህ በአዲስ ማስቀየር ወይም አንድ ቅጠል ማስጨመር ይበቃሃል። ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ማንጠልጠያ ብረት በረጅም መቀየር ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ግን በ5 ሳንቲ ሜትር ብታስረዝመው መኪናዋ ከፍ የምትለው በግማሹ ነው፣ አክሰሉንም ያዘነብለዋል፣ መሪው ቀጥ ብሎ መመለስ ያቅተዋል። እዚህ ላይ ላቁምና ያንተዋ ባለ ቶርሽን ናት ብዬ ልቀጥል።

የቶርሽን ባሩ የፊት ጫፍ ጎማውን ከያዘው አርም ጋር ተያይዟል። የኋላ ጫፉ ሻንሲው ላይ ካለ መወጠሪያ ውስጥ ገብቷል። ጎማው ጉብታ ሲወጣ አርሙ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ዘንጉ እንደሚጨመቅ ነጠላ ይጠመዘዛል፤ ጉብታው ሲያልፍ ይፈታል። የሞላን ሥራ የሚሠራው ይኸው መጠምዘዝና መፈታት ነው። ከመወጠሪያው ላይ አንድ ረጅም ቡሎን አለ፤ መካኒክህ በግማሽ ሰዓት የሚያዞረው እሱን ነው።

ጋራዡ ሁሉ «ቶርሽኑ ጠበቀ፣ ጠነከረ» ይላል። አይጠነክርም። መኪናዋ ያው መኪና ናት፣ ክብደቷ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ዘንጉ ተሸክሟት ሲቆም የሚጠመዘዘው ቀድሞ የሚጠመዘዘውን ያህል ነው። ቡሎኑ የሚለውጠው አርሙ የሚቆምበትን ቦታ ብቻ ነው። አርሙ ከበፊቱ ይበልጥ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ይቆማል፣ ሻንሲው ከመሬት ይርቃል፣ ጎማው ከዚያ በታች ሊወርድ ይችል የነበረው ቦታ ደግሞ በዚያው ልክ ይበላል። ማለትም ከፍታው የመጣው ከጎማው መውረጃ ተወስዶ ነው።

ታዲያ መኪናዋ ለምን ጠጣር ትሆናለች? ጎማው ጉድጓድ ሲያጋጥመው ወርዶ መሬቱን መከተል ይፈልጋል፤ ግን የላይኛው አርም ወዲያው መውረዱን የሚያስቆመው ማገጃ ላስቲክ ላይ ይቀመጥና መንገድ ያጣል። ኮረኮንች ላይ «ጓ፣ ጓ» የሚለው ድምፅ ይሄ ነው። ዘንጉ ጠንክሮ ሳይሆን አርሙ የሚሄድበት አጥቶ ነው። አሽከርካሪው ግን ድምፁን ሰምቶ «አሁን በደንብ ጠበቀች» ብሎ ይረካል።

ዴዶ ለሚወጣ ሰው ይህ ከምቾት በላይ ነው። የክረምቱን መንገድ ታውቀዋለህ፦ የጎማ መሄጃው ቦይ ሆኖ፣ አንዱ ወገን ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ። መውረድ ያልቻለ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ዲፈረንሻልህ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ሎክ የሌለው ተራ ከሆነ ኃይሉ ሁሉ ወደ ተንጠለጠለው ይሄድና እሱ በነፃ ሲሽከረከር መሬት የያዘው ጎማ ዝም ይላል። 8 ሳንቲ ሜትር በቡሎን ብቻ ከፍ ያለች ሂሉክስ አስፋልት ላይ ግርማ ሞገስ አላት፤ ቦይ ውስጥ ግን ካልተነካችው ታንሳለች። ስለዚህ የመጀመሪያውን መካኒክ ሐሳብ በ8 ሳንቲ ሜትሩ አልቀበለውም። ቡሎኑን ማዞሩን ግን አልቃወምም፤ የት ድረስ የሚለውን ሜትር ይዘህ አንተው ትወስናለህ።

ጎማዎቹን በእኩል ንፋስ አስሞላ። መኪናዋን ባዶዋን፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ አቁማት፤ ነዳጅ ማደያ ጥሩ ቦታ ነው። ከጎማው መሐል፣ ማለትም ከሀቡ እምብርት፣ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቀጥ አድርገህ ለካ፤ ግራውንም ቀኙንም። ከመሬት አትለካ፣ የጎማው መበላት ያሳስትሃል። ቀጥሎ ፊቷን ሻንሲው ላይ በክሪክ አስነሣ፣ ጠንካራ ድጋፍ አስገባባት፣ ጎማዎቹ ይንጠልጠሉ፤ እንደገና ለካ። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ጎማው ከቆመበት ወደ ታች የሚሄድበት ነው። እኔ ይህ ቁጥር ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች እንዲሆን አልፈቅድም፤ በጥቅሉም ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚሄደው ጠቅላላ መንገድ ቢያንስ ሲሶው ለመውረጃ መቅረት አለበት።

እዚያው እያለህ ሁለት ነገር ተመልከት። አንደኛው ማገጃው ላስቲክ ነው፦ ፊቱ ተጨፍልቆ ካበራ፣ ጠርዙ ከተሰነጠቀ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ከአንተ በፊት አንድ ሰው ቡሎኑን አዙሮታል ማለት ነው፤ ከአባትህ ዘመን የቀረ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የቡሎኑ ጥርስ ነው፤ ከዳዶው ወዲያ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ወጣ ግራና ቀኙን አነጻጽር። አንዱ በጣም ወጥቶ ሌላው ካልወጣ አንደኛው ቶርሽን ደክሟል፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲገጠም ዘንጉ ከመወጠሪያው ጋር ጥርስ ስቶ ገብቷል።

ቶርሽን ባር በዕድሜ ብዛት ትንሽ ተጠምዝዞ መቅረት ልማዱ ነው። በዚያ ላይ የፊት መከላከያ ብረት ከተጨመረባት ፊቷ ቢወርድ አይገርምም። ያንን የጠፋውን ከፍታ መመለስ የቡሎኑ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ፋብሪካው ያስቀመጠውም ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ፣ ከመጀመሪያ ቁመቷ ላይ ስንት ልጨምር ካልክ፣ መልሴ ሁለት ጣት ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ሌላ ዕቃ ይጠይቃል፣ ያ ዕቃም ሌላ ዕቃ ይጠይቃል።

ወሰኑን የሚያስቀምጠው መውረጃው ብቻ አይደለም፣ ሲቪ ጆይንቱም ነው፤ ኃይሉን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው አክሰል ላይ ያለው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ማለቴ ነው። የፊት ዲፈረንሻልህ ሻንሲው ላይ ታስሯል፤ መኪናዋ ከፍ ስትል አብሮ ይነሣል፣ ጎማው ግን ታች ይቀራል፣ በመካከል ያለው አክሰል ይዘቀዘቃል። ጆይንቱ በገደላማ አንግል ሲዞር ይሞቃል፣ የሚሸፍነው ላስቲክ እጥፋቱ እርስ በርሱ ይፋተግና ይቀደዳል። ከተቀደደ በኋላ ግራሶው ይወጣል፣ የጅማ ቀይ ጭቃ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ጆይንቱ ቀኑ የተቆጠረ ነው። አሁኑኑ ልታውቀው ትችላለህ፦ የሪሙን የውስጥ ወገን በጨርቅ ጥረግ። ጥቁር ግራሶ በክብ ተረጭቶ ካገኘኸው ላስቲኩ ተቀዷል፤ መኪናዋን ከፍ ከማድረግህ በፊት እሱን ታስቀይራለህ። ፊት ጎማዎቹ ላይ በእጅ የሚዞር ሎክ ካላት ደግሞ ከጅማ አጋሮ ባለው አስፋልት ላይ ፈትተህ ንዳ። ሎኩ ተፈትቶ ሳለ አክሰሉ ከጎማው ጋር አይዞርም፣ ላስቲኩም ያርፋል። ከአስፋልቱ ስትወጣ ታስረዋለህ።

አሁን ወደ ገንዘብህ። ከምትገዛቸው ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው የማሳደጊያ ዕቃ አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች መኪና ላይ ቦል ጆይንት (አርሙን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ኳስ መገጣጠሚያ)፣ የአርም ቡሽ፣ እንዲሁም የመሪው ክፍሎች የሆኑት ታይሮድና አይድለር አርም ሳይታዩ ከፍታ መጨመር ያለቀውን ቶሎ እንዲሰበር መግፋት ነው፤ ሁሉም ከለመዱት በተለየ አንግል መሥራት ይጀምራሉ። ፊቷ ተነሥቶ ሳለ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ፤ ከተነቃነቀ ቦል ጆይንት ወይም ኩሽኔታ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘህ ነቅንቅ፤ ከተነቃነቀ የመሪው መገጣጠሚያዎች ናቸው። አይድለር አርሙን ለብቻው እይልኝ። ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው፣ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ አንተ ሥር ሆነህ ተመልከት፤ አይድለሩ ወደ ጎን ከመዞር አልፎ ወደ ላይና ወደ ታች ከተናጠ አልቋል። በዚህ ዓይነት የቶዮታ ፊት እግር ላይ ደካማው ቦታ እሱ ነው፤ ትልቅ ጎማ ሲገባ ደግሞ ይብስበታል። «መሪዋ አስፋልት ላይ ትቅበዘበዛለች» የሚሉ ሰዎች አላይመንት ደጋግመው ያሠራሉ፤ የአይድለሩን ነገር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የአርሙ ቡሽ ላስቲክ ስለሆነ ቡሎኑ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ላይ ቆማ፣ በመጨረሻ ቁመቷ ላይ እያለች ነው። ተንጠልጥላ ሳለ ካጠበቁት ላስቲኩ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ በወራት ውስጥ ይቀደዳል። ይህን ለመካኒክህ ሳትፈራ ንገረው።

ሁለተኛው ግዢ ሾክ ነው። አሮጌው ሾክ ላይ ያለው አቧራ በዘይት ረጥቦ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ሾኩ ፈሷል። ስትገዛ ስለ ርዝመቱ ጠይቅ፦ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ጎማው ከሚወርድበት መጨረሻ በላይ መድረስ አለበት። የሚያጥር ከሆነ የጎማውን መውረድ የሚያስቆመው ማገጃው ላስቲክ መሆኑ ቀርቶ ሾኩ ራሱ ይሆናል፤ ለዚያ አልተሠራም፣ ማሰሪያው ይገነጠላል ወይም ውስጡ ይሰበራል። ለሁለት ጣት ከፍታ ብዙ ጊዜ የዋናው ርዝመት ይበቃል፤ ግን ሳይታሰር ለክቶ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። ግራና ቀኙን አብረህ ቀይር።

የመጨረሻው፣ ከጎማም በኋላ ብር ከተረፈህ፣ ወፈር ያለ ቶርሽን ባር ነው። ፊቷ ላይ ከባድ የመከላከያ ብረት ወይም ዊንች ካለ ግን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ ይላል። የዘንጉ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ያድጋል፤ ለምሳሌ ከ24 ሚሊ ሜትር ወደ 26 ብትወጣ፣ ርዝመቱና ብረቱ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ጥንካሬው 38 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሁለት ሚሊ ሜትር ማለት ይህን ያህል ነው። ስለዚህ «በጣም ወፍራሙን ስጠኝ» አትበል። ፊቷ ላይ ተጨማሪ ክብደት ለሌላት መኪና በጣም ወፍራሙ ኮረኮንች ላይ መሪውን ከእጅህ ያስፈተልካል፣ ጭቃ ላይም ጎማው ወጣ ገባውን እንዳይከተል ያደርገዋል። እንደ አውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ያሉት አምራቾች ለሂሉክስ እንዲህ ያለ ዘንግ ይሠራሉ፤ የምታዝዘው ሰው የመኪናህን የሻንሲ ኮድ ከሊብሬው ላይ አንብቦ እንዲያዝልህ አድርግ፣ «የ2000 ሂሉክስ» ማለት ብቻ አይበቃም።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቶርሽን ባር እፈልጋለሁ ካልክ አልከለክልህም፣ ግን በጥፍርህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሰው። ቶርሽን ባር ላይ የመፍቻ ንክሻ፣ የመዶሻ ምት ወይም ዝገት የበላው ጉድጓድ ካለ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ብየዳ የነካው ከሆነ አትንካው። ግራና ቀኝም አይቀያየርም፤ እያንዳንዱ ዘንግ ሲሠራ በሚጠመዘዝበት አቅጣጫ ተለምዷል፣ ጫፉ ላይ ምልክት አለው። ያንተው ሲወልቅም ዘንጉና መወጠሪያው የተጋጠሙበት ጥርስ ላይ በቀለም መስመር ይሰመርበት፤ አለዚያ መልሶ መግጠሙ ግምት ይሆናል። ቡሎኑን ደግሞ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ አያዙሩት። ጎማው ተንጠልጥሎ፣ ጥርሱ ግራሶ ተቀብቶ ነው የሚዞረው፤ በክብደቷ ሥር ሲያዞሩት ጥርሱ ይላጣል።

ቶርኖ ቤት ስለሚቆረጠው ስፔሰር፦ ሐሳቡ ራሱ ውሸት አይደለም። ቶርሽኑ ከላይኛው አርም ጋር የተያያዘ ከሆነ በአርሙና በቦል ጆይንቱ መካከል ስፔሰር ማስገባት መኪናዋን ከፍ ያደርጋል፣ አርሙም ወደ ቀድሞ አንግሉ ስለሚመለስ የመውረጃው ቦታ አይበላም። ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎማው አሁን ከበፊቱ ዝቅ ብሎ መውረድ ስለሚችል አርሙ ማገጃው ላይ ሳይደርስ ሲቪ ጆይንቱ የአንግሉ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፣ እዚያ ደግሞ ይነክሳል። ስለዚህ ይህን የሚሠራ ሰው ዲፈረንሻሉንም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ ወይም ማገጃውን ማወፈር ይኖርበታል። ጎማህን ከመኪናህ ጋር የሚያገናኙት እነዚያ ቡሎኖች ናቸው፤ ራሳቸው ላይ 10.9 የሚል ቁጥር የሌለውን፣ ከቆሻሻ ሳጥን ተፈልጎ የወጣ ቡሎን ማንም እንዲያስገባብህ አትፍቀድ። ቁጥር የሌለው ቡሎን የበር ማጠፊያ ላይ ይግባ። ለአንተ ሁለት ጣት ግን ስፔሰሩ አያስፈልግህም።

ሻንሲ አስቆርጦ ዲፈረንሻሉንና የታችኛውን አርም በብረት ማውረጃ 10 ሳንቲ ሜትር የሚያወርደውን ትልቁን ኪት፣ እንዲሁም በጋቢናና በሻንሲው መካከል ኩብ አስገብቶ ጋቢናውን ብቻ ከፍ ማድረጉን ተወው። የመጀመሪያው ለቡና ጭነት መኪና ብዙ ብር የሚበላ ብዙ ብየዳ ነው። ሁለተኛው ሻንሲውን ከመሬት አንድ ጣት አያርቀውም።

ስለ ጎማው። ጭቃ ላይ ሆዷ ይመታል ያልከው የትኛው ሆዷ ነው? መልሱ ብዙ ነገር ይለውጣል። በሁለቱ ቦዮች መሐል ያለው የመንገዱ ጉብታ የሚይዛት ብዙ ጊዜ የኋላ ዲፈረንሻሉን ነው፤ እሱ ደግሞ ከኋላ አክሰሉ ጋር አንድ ቁራጭ ሆኖ በጎማዎቹ መሐል ይሄዳል። ፊቷን የፈለግከውን ያህል ከፍ አድርግ፣ ኋላዋንም ጨምር፣ ያ ዲፈረንሻል ከመሬት አይርቅም። እሱን የሚያርቀው የጎማ ቁመት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጣበቅ ውረድና ጭቃው የተላገው የት እንደ ሆነ እይ፦ ከሞተሩ ሥር ያለው ጋሻ ላይ ከሆነ የፊት ከፍታ ይጠቅምሃል፣ ከኋላ ከሆነ ገንዘብህን ለጎማ አውለው።

ግን ወደ 235/85 አይደለም። አሁን ያለህ 205 አር 16 ከሆነ ቁመቱ 73 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ 235/85 አር 16 ወደ 81 ይጠጋል። ከልዩነቱ ከመሬት የሚያርቅህ ግማሹ ብቻ ነው፣ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር። በምትኩ ካምቢዮህ ሁሉ 10 በመቶ ያህል እንደ ረዘመ ይሆናል፤ ቱርቦ የሌለው 5ኤል ጭኖ የዴዶን ዳገት ሲወጣ ይህ በደንብ ይሰማሃል፣ የፍጥነት መለኪያውም 60 ሲል እውነቱ 66 ይሆናል። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ከፓራፋንጎው ጋርም ይጋጫል። እኔ ብሆን 215/85 አር 16 እፈልግ ነበር፤ ቁመቱ 77 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠባብ ስለሆነ ከጠባቡ ሪምህም ጋር ይስማማል፣ ጭቃውንም ቀድዶ ወደ ጠንካራው መሬት ይወርዳል። ከስፋቱ ይልቅ ጥርሱን እይ፤ የእኛ ቀይ አፈር ጥርሱ የተቀራረበ ጎማ ላይ ተለጥፎ ልሙጥ ያደርገዋል። ሰፋ ሰፋ ያለ ጥርስ ላለው ጎማ የምታወጣው ብር ለከፍታ ከምታወጣው የበለጠ ጌራ ያደርስሃል።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ ቡና ትጭናለህ። ጭነቱ ከኋላ ነው፤ ኋላዋ ሲወርድ ፊቷ ይነሣል። ባዶ ሳለች ፊትና ኋላዋን እኩል አድርገህ ካስተካከልካት፣ ስምንት ኩንታል ስትጭን አፍንጫዋ ሰማይ ታያለች፣ የፊት ጎማ መሬት የሚይዝበት ክብደት ያንሰዋል፣ መሪው ይቀላል፣ ማታ መብራትህ የተቃራኒውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። ባዶ ሳለች ፊቷ ከኋላዋ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቢቀር ይሻላል። የምትለካውም አንዴ ባዶዋን፣ አንዴ እንደ ልማድህ ጭነህ ነው። የኋላ ባሌስትራው ከደከመ ችግሩ እዚያ ነው፤ የባሌስትራ ሠራተኛ ጅማ አይጠፋም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ፊቷ ተንጠልጥሎ ሳለ መሪውን ግራም ቀኝም እስከ መጨረሻ አዙረህ የፍሬን ቱቦውን እይ፤ ከተወጠረ አትንቀሳቀስ። ከዚያ ዊል አላይመንት። የታችኛው አርም ላይ የሚዞሩ የማስተካከያ ቡሎኖች አሉ፤ በዝገት ተጣብቀው ከሆነ የአላይመንቱ ልጅ «ልኩ ይሄው ነው» ብሎ ይሰድሃል፤ ስለዚህ ከሳምንት በፊት ጀምረህ ዘይት እያጠጣሃቸው ቆይ። መብራቱንም ዝቅ አስደርግ።

እንግዲህ ብሩ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፦ መገጣጠሚያዎቹን ጠግን፣ ቡሎኑን ከመጀመሪያ ቁመቷ ሁለት ጣት በላይ ሳታሳልፍ አስተካክል፣ አላይመንት አሠራ። ለሁለት ከበቃ ሾክ ጨምር። ሦስተኛው ጎማ ነው፤ ቶርሽን ባሩ ደግሞ የሚቀጥለውን መኸር ይጠብቅ፣ የዘንድሮው ቡና ዋጋ ካማረ። የተንጠለጠለውንና የቆመውን ልኬት፣ ግራና ቀኝ፣ በአራት ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ፣ ጭቃው የተላገበትንም ቦታ ጨምርበት። ቡሎኑ ሊዞር የሚችልበትን ያህል ከዚያ ተነሥቼ እነግርሃለሁ።